ጋዜጣው ያስቀረው የአባቴ ቃል

አባቴ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነበሩ። ዲማ ብዙ ዓመት ተምረው፣ ከዚያ ወዲህ ባለችው የገጠር ደብራችን ወንበር ዘርግተው ያስተምሩ ነበር። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ መጽሐፉ ግን በልባቸው ስለነበር ለማስተማር ዓይን አላስፈለጋቸውም። ተማሪው፣ ጎረቤቱ፣ እኔም ልጃቸው ሳልቀር የኔታ ነበር የምንላቸው። ዳዊት ያስደገሙኝ እሳቸው ናቸው። ጎረቤት «ለሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል» ሲላቸው «ለእኔ ታነብልኛለች» ብለው ዝም አሰኝተዋል።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ሲገባ እኔ ባለትዳር ነበርሁ። ባሌ ጠመንጃውን ይዞ ከአርበኞቹ ጋር ወደ ጮቄ ተራራ ወጣ፤ እኔ ልጄን አዝዬ ወደ አባቴ ቤት ተመለስሁ።

ስለ አባቴ ትምህርት አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ የደረሰብን ሁሉ ከዚያ የመጣ ነውና። በትርጓሜ ቤት አንድ ቃል ሲነሣ መምህሩ መጀመሪያ አንዱን ፍቺ ይናገራል። ቀጥሎ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ያመጣል፣ እንደገና «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን። አንዱ ሌላውን ያርመዋል፣ ያሰፋዋል፣ አንዳንዴም ይገለብጠዋል። የመጀመሪያውን ብቻ ሰምቶ የሚነሣ ተማሪ ካልመጣው የባሰ ነው፤ ያወቀ ይመስለዋልና።

መኸሩ ከተሰበሰበ በኋላ ሁለት ሰዎች በበቅሎ መጡ። አንዱ ጣሊያን ሹም ነው። ሁለተኛው የእኛው ሰው ነው፤ ካኪ ለብሷል፣ ጫማው ያበራል፣ አማርኛው የተማረ ሰው አማርኛ ነው። ጣሊያኖቹ በአማርኛ የሚያሳትሙት ጋዜጣ ነበራቸው፣ ለዚያ የሚጽፍ እሱ ነው። ደጃፍ ላይ ደርሶ ጎንበስ ብሎ የአባቴን ጉልበት ሳመ።

«የኔታ፣ እኔም በልጅነቴ ትንሽ ቅኔ ቆጥሬአለሁ» አላቸው። «አሁን ለጋዜጣ ነው የምሠራ። ሕዝቡ ከሊቃውንት አፍ እንዲማር እንፈልጋለን። የሕግ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።»

አባቴ ደስ አላቸው። ይህን ስጽፍ እንኳ ያንገበግበኛል፤ ፊታቸው እንዴት እንደፈካ አይቻለሁ። በጦርነቱ ምክንያት ተማሪው ተበትኖ ጉባኤያቸው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ጥያቄ ይዞ የመጣ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ለእሳቸው ተማሪ ነበር።

«ጠይቅ» አሉት።

«አንድ ገበሬ ተገድዶ ቢምል፣ ያ መሐላ ያስረዋል?»

ጥያቄው ለምን እንደመጣ የማያውቅ አልነበረም። ያገሩ ገበሬ ለጣሊያን ላይገብር፣ ጠመንጃውን ላያስረክብ በመስቀል ፊት ምሎ ነበር። ጣሊያን በጦር ያልፈታውን ይህን መሐላ በሊቅ አፍ ሊያስፈታው ፈልጓል።

አባቴም ያውቃሉ። ቢሆንም ጥያቄውን አልሸሹም። «አንገቱ ላይ ሰይፍ ተደርጎ የማለ ሰው መሐላው አያስረውም» አሉ። ሰውየው እርሳሱን አውጥቶ ጻፈ። አባቴ ቀጠሉ። «አንድም፣ አገሬን ብሎ፣ ልጆቼን ብሎ፣ ማንም ሳያስገድደው የማለ ግን መሐላው ያስረዋል፤ ካህን ቢፈታው እንኳ አይፈታም። አንድም፣ በመትረየስ ፊት ቆሞ ለጣሊያን እገዛለሁ ብሎ የማለ ሰው፣ እንዳልማለ ይቆጠራል።»

እኔ ከጓዳው በር ላይ ቆሜ አያለሁ። የሰውየው እጅ ከመጀመሪያው «አንድም» ላይ ቆሟል። እርሳሱን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፈ፣ ራሱን እየነቀነቀ «እሺ የኔታ፣ እሺ» ይላል እንጂ አይጽፍም። ጣሊያኑ አንድ ነገር ጠየቀው፤ በአጭሩ መለሰለት፤ ጣሊያኑ ፈገግ አለ። አባቴ ይህን ሁሉ አላዩም። እንግዶቹ እንደሄዱ እኔ ነገርኋቸው።

«ኋለኛውን አልጻፈም» አልኋቸው።

«በልቡ ይዞት ይሆናል» አሉኝ። «ቅኔ የቆጠረ ሰው እኮ ነው።»

ጥቂት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤታችን ደጃችን ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። የልጄ የክርስትና አባት ነው፣ ከባሌ ጋር ጮቄ የወጣ ሰው። ልብሱ ጥላሸት ለብሷል። ግባ ብለው አልገባ አለ። አባቴ ድምፁን ሰምተው በምርኩዛቸው ወጡ።

«የኔታ፣ እርስዎ ፈቱኝ ብዬ ነው የገባሁ» አላቸው።

«ከምን ፈታሁህ?»

«ከመሐላው። ሮብ ገበያ ላይ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ጋዜጣውን ለሰው ሁሉ አነበበ። የእርስዎ ቃል ነው አለ። ልጆቼ ተርበውብኛል፤ እርስዎ ካሉ እግዜርም አይቀየመኝ ብዬ ጠመንጃዬን አስረክቤ ገባሁ። አርበኞቹ ከዳተኛ አሉኝና ቤቴን አቃጠሉት።»

ሰውየው ከጉያው የተጣጠፈ ጋዜጣ አወጣ። ማንበብ አይችልም፤ ማስረጃ ይሆነኛል ብሎ ለምኖ ያመጣው ነው። ተቀብዬ አነበብሁላቸው። ከላይ በትልቁ «ሊቁ መምህር» ይልና የአባቴ ስም አለ። ከሥሩ፣ ለወንበዴዎች፣ አርበኞቹን ማለቱ ነው፣ የማለ ገበሬ ሁሉ ተገድዶ ነውና መሐላው እንደማያስረው ሊቁ መሰከሩ ይላል። ቀጥሎ አባቴ ያሉት የመጀመሪያው ቃል፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል ተጽፏል። ከዚያ በኋላ የስንዴ ዘር ስለሚታደልበት ቀን ይናገራል።

«ቀጥይ» አሉኝ።

«አለቀ፣ የኔታ።»

«አንድም አይልም?»

«አይልም።»

አባቴ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ጥለው ተቀመጡ። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁ። እኔ ግን አላለቀስሁም። ያን ካኪ ለባሽ ባገኘው ምን እንደማደርገው አስብ ነበር፤ ያሰብሁትን ለክርስቲያን መጻፍ አይገባም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ ፊቱን አዞረብን። ገሚሱ ከእኛ ጋር ማኅበር መጠጣት ተወ። ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ ይነሡ ነበር። አባቴ ዳቦ ቆርሰው ያሳደጓቸው ተማሪዎች ሳይሰናበቱ ሌላ ጉባኤ ፍለጋ ሄዱ። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ መጥቶ «የኔታ፣ እንዲህ ብለዋል ወይ» ብሎ አልጠየቀም። አንድም ሲሉ የዋሉ ሰዎች፣ ጋዜጣ ላይ ሲሆን አንዱ ብቻ በቃቸው። በጣሊያን መናደድ ቀላል ነበር። በእነዚህ የተናደድሁት ግን አጥንቴ ውስጥ ገባ።

አባቴ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ እየመራሁ፣ ደብረ ማርቆስ ወረድን። የጋዜጣውን ሰው ቢሮው ውስጥ አገኘነው። ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው፤ አልተቀመጡም።

«ቃሌን መልስልኝ» አሉት።

«ያላሉትን አልጻፍሁም፣ የኔታ።»

«ያልሁትንም አልጻፍህም።»

«ጋዜጣ ጠባብ ነው፤ ሁሉን አይችልም። ጠቃሚውን መምረጥ ሥራችን ነው።»

«ለማን የሚጠቅመውን?» አልሁት እኔ። አባቴ እጄን ጫን አደረጉኝ፤ ቢሆንም አልተውሁም። «እርሳስህ ሲቆም አይቻለሁ። ሰምተሃል። አንድም ሲሉ ሰምተህ ነው ያቆምኸው።»

ወደ በሩ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኅቴ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» አለ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ። «ኋለኛውን ማሳተም አልችልም፤ እርስዎንም እኔንም ያሰቅላል። ይልቅ ስለ ዘመን አቆጣጠር ይንገሩኝና ባማረ አርእስት ላውጣልዎ። ስምዎ ይታደሳል።»

አባቴ ፈገግ አሉ። ንዴታቸው የሚታወቀው እንዲህ ሲሉ ነው። «ልጄ፣ ቅኔ ቤት ምን ያህል ተቀመጥህ?» አሉት።

«ብዙም አልቆየሁ።»

«ያስታውቃል» ብለው ወጡ።

ወደ ቤት አልተመለስንም። በማግስቱ የይጁቤ ገበያ ነበርና ወደዚያ ምሪኝ አሉኝ። የሚያደርጉት ገብቶኝ «የኔታ፣ ይቅርብዎ» አልኋቸው። «ያ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እኔን ብሎ ነው የገባው» አሉኝና ሌላ አልተናገሩም።

ገበያው ሲሞላ ጨው የሚሸጡ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ዘንድ ቆምን። አባቴን ያውቋቸዋል። ምን እንደፈለጉ ስነግራቸው ምንም ሳይሉ የሚቀመጡበትን ሣጥን ለቀቁላቸው። አባቴ እሱ ላይ ቆመው፣ ጉባኤ ላይ በሚናገሩበት ድምፅ፣ ጥያቄውንም መልሱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ። መጀመሪያ ጥቂት ሰው ነበር፤ ሁለተኛው «አንድም» ላይ ሲደርሱ የጨው ተራው ሰው ሁሉ ከብቧቸዋል። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ደገሙት። በመትረየስ ፊት የተማለ መሐላ እንዳልተማለ ይቆጠራል።

የጣሊያን ወታደሮች ወዲያው አልመጡም፤ አስተርጓሚ ፍለጋ ሄደው ነበርና። ሲመጡ አባቴ ከሣጥኑ ወርደው እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁ ነበር። የጨው ነጋዴውን ምን አለ ብለው ጠየቋቸው።

«እኔ እስላም ነኝ፤ የቄስ ነገር አይገባኝም» አሉ። ስለዚህ በጥፊ መቷቸው። ሌላውንም ጠየቁ። የሰማ ሰው አልተገኘም።

አባቴን ደብረ ማርቆስ አስረው ክረምቱ እስኪያልፍ አቆዩአቸው። እየተመላለስሁ ስንቅ አቀብል ነበር፤ አንዳንዴ ያደርሱላቸዋል፣ አንዳንዴ ዘበኞቹ ይበሉታል። ያልሰቀሏቸው ለምን እንደሆነ አላውቅም። በጋዜጣቸው ሊቁ መምህር ያሉትን ሰው መስቀል አሳፍሯቸው ይሆናል። የመስቀል በዓል ሲቃረብ ለቀቋቸው፤ ሳል ይዘው ወጡ፣ ሳሉም እስኪሞቱ አልተዋቸውም።

የይጁቤው ንግግር ግን አባቴ ሳይፈቱ ገና ጮቄ ደርሷል። ጠመንጃ አስረክበው ከገቡት መካከል ብዙዎቹ ተመልሰው ወጡ። ቤቱ የተቃጠለበት ጎረቤታችንም ወጣ፤ ያቃጠሉበት ሰዎች ይቅርታ ጠይቀው ተቀበሉት። ባሌም መልእክት ላከ፤ የኔታን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ አለኝ። ሳምኋቸው።

መንደርተኛው አባቴን ሊጠይቅ ጠላና እንጀራ እየያዘ መጣ። እንስራቸውን ሳይሞሉ የተነሡብኝ ሴቶችም መጡ። አባቴ ሁሉንም እየሳሙ ተቀበሉ። እኔ ሰው በመጣ ቁጥር ጓዳ እገባ ነበር። «ለምን አትወጭም?» ሲሉኝ «አልችልም፣ የኔታ» አልኋቸው። አላስገደዱኝም። ከሴቶቹ ጋር መነጋገር የጀመርሁት አባቴ ከሞቱ በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን ከአንገት በላይ ነበር።

ጋዜጣው የቀረውን ቃል አላተመም። ጣሊያን ከወጣ ብዙ ዘመን በኋላ፣ ደብረ ማርቆስ አንድ ልቅሶ ቤት፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ የታሪክ መምህር አጠገቤ ተቀመጠ። የማን ልጅ እንደሆንሁ ሲነግሩት ፊቱ በራ። «በጠላት ጊዜ ጋዜጣ ላይ አባትዎ ስለ መሐላ የሰጡትን ቃል አንብቤአለሁ» አለኝ።

የቀረውን ነገርሁት። ጥያቄውን፣ ሦስቱን ፍቺ፣ የቆመውን እርሳስ፣ ይጁቤን። በትዕግሥት አዳመጠኝ።

«ጥሩ ታሪክ ነው» አለ። «ግን ጋዜጣው ላይ የለም።»

ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሣሁና ከወዲያ በኩል የተቀመጡት ለቀስተኛ ሴቶች ዘንድ ሄጄ ተቀመጥሁ።