ጉምሩክ የተሻገሩት የዶስታና ቃጭሎች

ዶስታና ቃጭል ትሠራለች። ለበግ፣ ለፍየል፣ ለላም፤ አንዳንዴም ሰው ከለመናት ለድመት። በመቄዶንያ ተራሮች ጥግ ባለች መንደር ሙያውን ከባሏ ተማረችው፤ ባሏ ሲሞት ወናፉንም መዶሻውንም የራሷ አደረገች። የባሏ ወንድም ናውም፣ ሴት ብረት ስትቀጠቅጥ አይቼ አላውቅም ብሎ ሊያይ መጣና ከዚያ ወዲህ የሱቁ በር ላይ ወንበር ዘርግቶ መዋል ልማዱ ሆነ። ሥራ አይነካም፤ አስተያየት ግን አያልቅበትም።

ቃጭሎቿ ምንም እንከን አልወጣላቸውም ነበር፤ የጠፋው በጉ ነው። እረኞቹ መንጋቸውን እየሸጡ ወደ ጀርመን ሲሄዱ፣ የዶስታና ሥራ ከጣሪያው ማገር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቤቱ ሁሉ ይንጫጫል።

አንድ በጋ ላይ ኡርስ የሚባል የስዊዘርላንድ ፍየል አርቢ ለሽርሽር መጥቶ አንዲት ቃጭል ገዝቶ ሄደ። በመከር መልእክት ላከ። ፍየሎቹ በሙሉ ባለቃጭሏን ፍየል ካልሆነ ማንንም አንከተልም ብለዋል፤ እሷ ደግሞ ትዕቢት ይዟታል፤ ስለዚህ ለሁሉም ይሠራላቸው።

ዶስታና ከእሳቱ አጠገብ ሳትነሳ ከረመች። ከዚያ ካርቶኖቹን የናውም አሮጌ መኪና ላይ ጭነው ትልቁ ከተማ ዳር ወዳለው የጉምሩክ ጣቢያ ሄዱ። አንዱ ሠራተኛ ቃጭሉን አንስቶ ነቀነቀና የሙዚቃ መሣሪያ ነው አለ። ጓደኛውም ነቀነቀና የለም፣ የቤት ዕቃ ነው አለ። ሦስተኛው የእንስሳት ነገር ስለሆነ የእንስሳት ሐኪም ወረቀት ያስፈልገዋል ሲል፣ ናውም ቃጭሉ ምን እንዳመመው ጠየቀ፤ ጥያቄው ነገሩን አላቀለለውም። ወረቀቱን የሚጨርስላቸው ትራንዚተር እንዲይዙ ተነገራቸው፤ ትራንዚተሩ የጠራው ዋጋ ደግሞ ከነካርቶኑ ከቃጭሎቹ ይበልጥ ነበር። ይዘው የሄዱትን ይዘው ተመለሱ። መኪናዋ በተጠማዘዘች ቁጥር ቃጭሎቹ ስለሚጮሁ፣ በየመንደሩ ሰው መንጋ መጣ ብሎ በር ይከፍት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "ጉምሩክ" በዶስታና አፍ ስድብ ሆነ። ብረት ሲሰነጠቅባት "ጉምሩክ!" ትላለች፤ መዶሻው ጣቷን ሲያገኛት ደግሞ ደጋግማ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሕጉ ተቀየረ። አነስተኛ ነጋዴ ዕቃውን ከሰፈሩ ፖስታ ቤት እንዲልክ ተፈቀደ፤ የዕቃ ማሳወቂያውን ቅጽ፣ ዲክላራሲዮኑን፣ የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ ራሷ ሞልታ በኮምፒውተር ለጉምሩክ ታደርሳለች፤ ትራንዚተር የለ፣ መመላለስ የለ። ከመንደሩ በታች ያለችው ትንሽ ከተማ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ኢስክራ ሥልጠናውን ወስዳ ተመልሳ አንድ ሰው እንኳ ይመጣል ብላ ብትጠብቅ ማንም ዝር አላለም። ሲመርራት ጊዜ ዳገቱን ወጥታ ዶስታና ዘንድ መጣች።

"እትዬ ዶስታና፣ አንድ ገጽ ናት። እኔው እሞላታለሁ።"

"ያኔም አንድ ወረቀት ብቻ ነው የጎደለው ሲሉኝ ነበር።"

"እሺ፣ ካልሆነ እኔ ራሴ አንገቴ ላይ ቃጭል አስሬ ገበያውን እዞራለሁ።"

ናውም ከበሩ ላይ፣ "እሱን ለማየት ስል እንዳይሳካ ሻማ አበራለሁ" አለ።

ዶስታና ሳቋ አመለጣት። አንዴ ከሳቀች በኋላ እምቢ ማለት አልሆነላትም።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ ፖስታ ቤት ደረሰች። ካርቶኗን ብቻ አይደለም የያዘችው፤ ዳቦ፣ አይብ፣ የተጠበሰ ቃሪያ በማሰሮ፣ መቀመጫ የሚሆን ትራስም ጭምር። ቀኑ የጡረታ መቀበያ ስለነበር አዳራሹ በሽማግሌዎች ተሞልቷል። ካርቶኑ ሚዛን ላይ ሲወጣ ጮኸ፤ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየ።

ኢስክራ ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀች። ዶስታና የፍየል ቃጭል አለችና ክርክሩን ጠበቀች። ኢስክራ ጻፈች፣ ዋጋውን ጠየቀች፣ መዘነች፣ አንድ ነገር ለጠፈች።

"ጨርሰናል።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም።"

"ጉምሩኩስ?"

"ተቀብሎታል። ይኸው እዚህ ላይ ይታያል።"

ዶስታና ስክሪኑን አየች፣ ኢስክራን አየች፣ አላመነችም። ትራሷን ዘርግታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ አንድ ሰው ተመለሺ ብሎ መጥራቱ አይቀርም፣ ያኔ ቅርብ ብትሆን ይሻላል። ሲርባት ማሰሮውን ከፈተች፤ ሽማግሌዎቹ ሽታው ሳባቸውና አብረው ቀረቡ። ጉዳዩን ሲሰሙ እነሱም ጥበቃውን ተቀላቀሉ። ስልክ በጮኸ ቁጥር አፋቸው ውስጥ ያለውን ሳይውጡ ኢስክራን ያያሉ። የደወለችው የኢስክራ እናት ነበረች፤ ምሳ ምን ይሠራ ብላ።

በመጨረሻ ቢጫዋ የፖስታ መኪና መጣችና ካርቶኑን ጭና እየተንቃጨለች ወጣች። ያኔ ነው ቃጭሎቹ በእርግጥ እንደሄዱ ለዶስታና የገባት። ቀሚሷን ሰብስባ ከመኪናዋ ኋላ ሮጠች፤ ሽማግሌዎቹም ዳቦ እንደያዙ ተከተሏት፤ ለምን እንደሚሮጡ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን ሁሉም እጁን ያውለበልባል። ሾፌሩ የረሳው ነገር ያለ መስሎት አቆመ። ምን እንደፈለገች ሲጠይቃት ዶስታና ጉንጩን ሳመችው። ደጅ ወጥታ የቆመችው ኢስክራ ሳቅና እንባ ተደባልቆባት ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች።

ካርቶኑ ደረሰ። አንድ እሁድ ጠዋት ስልኳ ጠራ፤ ኡርስ ነው። እሱ የሷን ቋንቋ አያውቅም፣ እሷም የሱን። "ዶስታና! ዶስታና!" አለና ሌላ ቃል ስላጣ ቃጭል አንስቶ ስልኩ ላይ ነቀነቀ። ዶስታናም ከማገሩ አንዱን አውርዳ መለሰችለት። እሱ ቀጠን ያለውን ሲያሰማ እሷ ወፍራሙን፤ እሱ ሁለት ሲነቀንቅ እሷ አራት። ናውም ስልኩን ስጪኝ እያለ፣ እኔም የምናገረው አለኝ እያለ፣ ትልቁን የላም ቃጭል በሁለት እጁ ታቅፎ ተጠጋ። ከዚያኛው ጫፍ ደግሞ ኡርስ በሩን ከፈተ መሰል፣ መንጋው በሙሉ ወደ ስልኩ ገባ። ዶስታና ሳቅ አላቆም ብሏት መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ትንፋሽ ስታገኝ ተነስታ ሌላ ቃጭል ለማውረድ እጇን ወደ ማገሩ ዘረጋች።