ሰሩዋያና የወሽመጡ እንግዶች

ሰሩዋያ ሰው አታምንም። መንደራችን የባሕር ወሽመጡን ጥበቃ ለእሷ የሰጠው ለዚህ ነው። ባለ ሸራ ጀልባ ከደሴቶቹ መሀል ብቅ ሲል ሌላው ሰው እጁን ያውለበልባል፤ እሷ ዐይኗን አጥብባ ታያለች። «ፈገግታማ ማን ያጣል?» ትላለች።

አሮጌው ሹማችን ከሞቱ ወዲህ በወሽመጡ ግራ በኩል ያለው ኮራል ተዘግቷል። እስከ ተዝካራቸው ድረስ ማንም ዓሣ አያጠምድበትም፤ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት ተተክሎበታል። ያቺ ነጭ ጀልባ ነፋሱን ሸሽታ ገብታ መልህቋን የጣለችው እዚያው እንጨቱ አጠገብ ነበር። እንግዳ ለሹም የሚያቀርበውን፣ ተወቅጦ የሚጠጣውን የካቫ ሥር ይዞ ሹሙን ሊሳለም የወረደ ሰው አልነበረም። ቀትር ላይ ነፋሱ ዞረ፤ ጀልባዋም አብራ ስትዞር ሰንሰለቷ ኮራሉን ይገዘግዘው ጀመር።

አዲሱ ሹም ተቆጣ። «ሳያስፈቅዱ ገቡ፣ የሟቻችንን ኮራል ሰበሩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይውጡልኝ!» አለ። ከወሽመጡ ውጭ ባሕሩ አረፋ ብቻ ሆኗል። በዚያ ማዕበል መውጣት ሞት ነው።

ሰሩዋያ እኔን ይዛ ወደ ነጯ ጀልባ ቀዘፈች። ላይዋ ያሉት አንድ ሽማግሌና ሚስቱ ናቸው።

«ሥሩ የታለ?» አለች፣ ሰላምታም ሳትሰጥ።

«ሰጥተናል እኮ፣ እመቤት» አለ ሽማግሌው። «ሹሙ መግቢያው ላይ በሞተር ጀልባ ተቀበሉን። ሥሩን ወስደው፣ ተቀብያለሁ ሲሉ አጨበጨቡ። መልህቁንም እዚህ ጣሉ ያሉን እሳቸው ናቸው።»

«ሹማችን ዛሬ ከቤቱ አልወጣም። ያንተ ሹም ምን ይመስላል?»

«ጆሮው ላይ ቀይ አበባ ሰክቷል» አለች ሚስትየው። «ሲስቅ የፊት ጥርስ የለውም።»

ሰሩዋያ ታንኳችንን ወደ መንደሩ መለሰች። ባለ ቀይ አበባው ኢኖኬ ነው፤ ወንድሟ።

በእኛ ወግ እህትና ወንድም ካደጉ በኋላ ፊት ለፊት አይነጋገሩም። «አንቺ ጠይቂው» አለችኝ። እኔ የአክስቱ ልጅ ነኝ፤ ብሰድበውም ወጉ ነው።

ዛፍ ሥር ተጋድሞ አገኘሁት።

«ጌታው ሹም፣ እንዴት ዋሉ? ተሾሙ አሉ፤ ምነው ለድግሱ ሳይጠሩን?»

«ምን ትቀባጥሪያለሽ፣ አንቺ አሮጊት?»

«የእንግዶቹን ሥር የት አደረስከው?»

ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። «ላደርሰው ነበር። ጓደኞቼ እነ ሳቬናዳ መንገድ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ትንሽ እንቅመሰው ብለን...»

«ጨረሳችሁት?»

«ሲጠጣ ያልቃላ!»

«ሰዎቹ ወደ ማዕበሉ ሊባረሩ ነው፣ አንተ ሆዳም!»

ቀና አለ። «ለእህቴ እንዳትነግሪብኝ።»

«የላከችኝ ማን ሆነና!»

የወንድም ውርደት የእህትም ነው። ሰሩዋያ ዝም ብትል እንግዶቹ ይሄዳሉ፤ የሚጠይቃትም የለም። ወደ ሹሙ ቤት ስትሄድ ከኋላዋ ሆኜ አየኋት። ዝም ትል ይሆን ብዬ ተጠራጠርኩ።

ራሷ ያደረቀችውን ሥር ተሸክማ ገባች። በር አጠገብ፣ ከሁሉ ዝቅ ብላ ተቀመጠችና ሥሩን ወደ ፊት ገፋችው።

«የእንግዶቹ ሥር ለእርስዎ ሳይደርስ በእኛ ቤት በኩል ቀርቷል» አለች። «ጥፋቱ የቤታችን ነው።»

ስም አልጠራችም። ግን ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ዞረ፤ ኢኖኬ ቆሟል። ከዚያ አጎንብሶ ገባና ከእህቱ ኋላ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ሹሙ አንዴ ሥሩን፣ አንዴ ኢኖኬን አየ። በመጨረሻ አጨበጨበ። «እንግዶቹ ይቆዩ። መልህቁን ግን ያስጣለው ሰው ያንሳው።»

ኢኖኬ በሚናወጠው ውኃ ውስጥ እየጠለቀ መልህቁን ከኮራሉ አላቀቀ። ሽማግሌው ሰንሰለቱን ሰበሰበ፤ ጀልባዋን ኮረብታው ወደሚጋርደው አሸዋ ወሰዱ። ሰሩዋያ ጉልበቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆማ ታያለች።

«ደግሞ እንግዶቹን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት።

«እነሱማ ምን ያደርጋሉ» አለች፣ ዐይኗን ከወንድሟ ሳትነቅል። «እሱ መልህቁን አሸዋው ላይ መጣሉን ልይ እንጂ።»