በግራ እጅ የሚያዝ ማንሻ

የመጨረሻው ደህና ቀን ዳቦ ስንጋግር ዋልን። የድንበሩ ጦርነት ጊዜ ነው። በሰሜኑ ግንባር የያዝነው ኮረብታ ስም እንኳ አልነበረውም፤ እኛ ጉብታው እንለው ነበር። ምሽጋችን ከላይ ነው። የጦር ክፍላችን የመቶው ማብሰያ ከጀርባ፣ ቁልቁል በእግር አንድ አሥር ደቂቃ ያህል ይርቃል። እዚያ የምንሠራው ሃምሳ አለቃ በላቸው፣ ታላቅ ወንድሜ አድማሱና እኔ ነበርን።

እኔና አያ አድማሱ የቢቸና ልጆች ነን። እሱ ሞጣ ሁለት ዓመት ቅኔ ተምሯል። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። አብረን ተመዘገብን፣ አብረን ሠለጠንን።

ድስታችን ወፍራም ብረት ነው። ክዳኑ ከተቃጠለ የጭነት መኪና ተቆርጦ፣ መሀሉ ላይ ቀለበት ተበይዶለታል። ፍም ከታች፣ ፍም ከላይ ሆኖ ዳቦው ይበስላል። ችግሩ ማንሳቱ ላይ ነው። በሁለት ሳንጃ ነበር የምናነሳው። ያን ዕለት ሳንጃው አዳለጠና ፍሙ ግማሹ ዳቦው ላይ፣ ግማሹ በላቸው ቀኝ እጅ ላይ ፈሰሰ።

«እንደ ስምህ እኛን ትበላለህ ስንል እሳቱ ቀደመህ» አለው አያ አድማሱ፣ እጁን በውኃ እያጠበለት።

«ዝም በል። ቅኔህን ለዳቦው ንገረው።»

አያ አድማሱ ከፈረሰ ምሽግ ክንድ የምታህል የፌሮ ብረት ይዞ መጣ። ፍም ውስጥ ቀበራት። ስትግል ጫፏን በሁለት ድንጋይ መካከል አስገብቶ እንደ መንጠቆ አጠፋት። ሞከራት። ክዳኑ ተነሣ፣ ግን ዋለለና አመዱ ረገፈ።

«ክንፍ ያንሳታል» አለ።

ከመንጠቆው አጠገብ አጭር ብረት አግድም አድርጎ በሽቦ ጠፈረ። አሁን መንጠቆው ቀለበቱን ወደ ላይ ሲስብ አግዳሚው ክዳኑን ከላይ ይጫነዋል። መዋለል ቀረ። እጀታዋን ወደ ጎን ቆልመም አደረገና ጨርቅ ጠቀለለባት። «ስሟ አንሺ ይሁን» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። እኔ ግራኝ ነኝ። በግራ እጄ ይዤ አነሳሁ። አንድ ፍም አልወደቀም።

አሥር ሰዓት ገደማ መልእክተኛ ከላይ ወረደ።

«መቶ አለቃ ‹አንድ አንሺ ላኩልኝ› ብለዋል።»

እኔ ብረቷን አቀበልሁት። የብረቷ ወሬ በአንድ ቀን እዚያ የደረሰ መስሎኝ ነበር። ልጁ አገላብጦ አያት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አንሺ ናታ።»

«ቁስለኛ አንሺ ነው የምልህ፣ አንተ። ሰው።»

በላቸው እጁ እስኪያመው ሳቀ። ከዚያ ነገሩ ገባን። ቃሬዛ የሚይዝ ሰው ከዋዜማው ከተጠራ፣ ነገ ውጊያ አለ ማለት ነው።

የበላቸው እጅ ተቃጥሏል። የሚሄደው ከሁለታችን አንዱ ነው። «እኔ እሄዳለሁ» አልሁ።

«ክዳኑን ማን ሊያነሳ?» አለ አያ አድማሱ።

«አንተ።»

ብረቷን በቀኝ እጁ ይዞ ክዳኑ ላይ አሳየኝ። እጀታዋ ለግራ እጅ ነው የተቆለመመችው፤ በቀኝ ሲይዟት ክንድ ፍሙ ላይ ያልፋል። እጁን መለሰ። «አየህ? ሠላሳ አራት ሰው ጥሬ ሊጥ አይበላም» አለኝ። ኩታውን ትከሻው ላይ ጣለና ከልጁ ጋር ወጣ። ዞሮ አላየኝም። እኔም አልጠራሁትም።

ንጋት ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሞርታር ጀመረ። ከዚያ መትረየስ። እኛ ጉብታውን ይዘን ነበር፤ እነሱ ሊያስለቅቁን መጡ። ሁለት ጊዜ መለስናቸው። እኛ እላለሁ እንጂ እኔ ታች ነበርሁ። በላቸው ውኃ ተሸክሞ ወጣ። ብቻዬን ቀረሁ። ሊጥ አስገባሁ፣ ክዳን አነሳሁ፣ ዳቦ አወጣሁ። ሌላ የምሠራው ነገር አልነበረም።

ቁስለኛ የሚወርደው በማብሰያው አጠገብ ነው። አያ አድማሱ ከሌላው ቁስለኛ አንሺ ከሙሉቀን ጋር ቃሬዛ ይዞ ሁለት ሰዓት ላይ አለፈ። «እንዳያርርብህ» አለኝ። አራት ሰዓት ላይ ደግሞ አለፈ። ያን ጊዜ ውኃ ጠጥቶ ቃሬዛውን አነሳ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሙሉቀን ከሌላ ሰው ጋር ወረደ። ቁስለኛውን አስቀምጦ ወደ እኔ መጣ።

«ይሁኔ፣ ወንድምህ እላይ ቀርቷል።»

«ቆስሎ?»

«አይደለም።»

እስኪመሽ ድረስ ቁስለኛ እንጂ ሬሳ እንዳይነሣ ታዝዟል አለኝ። ትክክለኛ ትእዛዝ ነበር። ቃሬዛው ሁለት ብቻ ነው። እኔም ተመልሼ ሊጥ አስገባሁ። ስንት ዳቦ እንዳወጣሁ አላስታውስም። አንዱም አላረረም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተኩሱ ቆመ። እኔና ሙሉቀን ወጣን። አያ አድማሱ በጎኑ ተኝቶ ነበር፤ ሞርታር ነው የመታው። እኔ በራስጌ ያዝሁ። ቃሬዛው ከበደኝ። ሦስት ጊዜ አስቀምጠን አረፍን።

ስንወርድ በላቸው ተቀበለን። የተቀመጥሁበት መጥቶ፣ «መቶ አለቃ ለአድማሱ ከሳምንት በፊት ነግረውታል። ውጊያ ከመጣ ከእናንተ አንዱን እንደሚወስዱ ያውቅ ነበር» አለኝ።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«አስምሎኛል።»

የአንሺ እጀታ ለምን ለግራ እጄ እንደተቆለመመ ያን ጊዜ ገባኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው በሞተብን ቁጥር ጸሎቱን የሚያደርስልን አያ አድማሱ ነበር፤ ከመካከላችን ግዕዝ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። አሁን በጉድጓዱ ዙሪያ ቆምንና እርስ በርስ ተያየን። በላቸው አቡነ ዘበሰማያት ጀመረ። መሀል ላይ ጠፋበት። እንደምንም ጨረስነው። ሰባት ሰው ቀበርን። ዘጠኝ ቁስለኛ ወደ ኋላ ሄዷል።

አሁን ልጆች ጦርነቱ እንዴት ነበር ሲሉኝ ስለ ዳቦ እነግራቸዋለሁ። ቅር ይላቸዋል። ሌላ የማውቀው የለኝም። እሱ ያየውን እኔ እንዳላይ አድርጎ ሄዷል፤ እኔ የማውቀው የቀረውን ነው።

ከቀብሩ በማግሥቱ ጧት በላቸው፣ «ሂድና የሚበላውን ሰው ቆጥረህ ና» አለኝ። ከደብተር ወረቀት ቀደድሁ። ከምሽግ ምሽግ እየሄድሁ ስም ጻፍሁ። ወረድሁና ደመርሁት፤ አሥራ ዘጠኝ።

«መቶ አለቃ አሥራ ስምንት ነው ያሉኝ» አለ በላቸው።

ወረቀቱን እንደገና ከላይ ጀምሬ አነበብሁ። የምሽጉ ስም ሁሉ ልክ ነበር። ከግርጌ፣ በራሴ እጅ፣ «ማብሰያ፣ ሦስት» ይላል።

በላቸው አየው። እርሳስ ከጆሮው አውርዶ ሰጠኝ። ሦስትን ሰርዤ ሁለት ጻፍሁ። ከዚያ ለአሥራ ስምንት ሰው የሚሆን ዱቄት ሰፈርሁ።