ባሊንሮን ተሸክሞ ከፉሩሴት እስከ ፕሪንስዳል

ቅዳሜ ጠዋት ከምንኖርበት ከፉሩሴት የተነሣነው ሁለት ሰዎችና አንድ የባቡር ጣቢያ ሆነን ነው። ሰዎቹ እኔና ባለቤቴ ሀያት ነን። ጣቢያው ባሊንሮ ይባላል፤ በምዕራብ አየርላንድ የነበረ ሲሆን ዛሬ ሐዲዱ ተነቅሎ ላም ይግጥበታል። እኔ ግን አሳንሼ በእጄ መልሼ ሠርቼዋለሁ። ርዝመቱ ከቁመቴ ጥቂት ያንሳል፤ በብርድ ልብስ ጠቅልለን ግራና ቀኝ ይዘነዋል። የምንሄደው ከኖርዌይ ዋና ከተማ ሌላኛው ዳር፣ ፕሪንስዳል ነው። እዚያ የአየርላንድን ባቡር በሞዴል የሚሠሩና የሚሰበስቡ ሰዎች በዓመት አንዴ ይገናኛሉ። ሁሉም የሠራውን ጣቢያ ያመጣል፤ ጣቢያዎቹ ጫፍ ለጫፍ ይገጠሙና አንድ ረጅም መስመር ይሆናሉ።

ሕጋቸው አጭር ነው። ባቡሩ በአዲሱ ጣቢያ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሳይወድቅ ካለፈ ጣቢያው የመስመሩ አካል ሆኖ እዚያው አዳራሽ ይቀራል። ከወደቀ ግን ባለቤቱ ተሸክሞት ይመለሳል። ቤት የሚመለስ ጣቢያ ምን እንደሚገጥመው ሀያት ከወዲሁ ነግራኛለች።

«ከሄደ እሰየው» አለችኝ ደረጃው ላይ። «ካልሄደ ግን በቀጥታ ወደ ቦድ ነው። መጋዝህም ሙጫህም አብሮ ይገባል። ሁለት ዓመት ባልኮንጉን የያዝክብኝ ይበቃል።» ባልኮንግ በረንዳችን ነው፤ ቦድ የምንለው ደግሞ ምድር ቤት ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ እዚያ የገባ ዕቃ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

የደሴን ልጅ ከአየርላንድ ባቡር ጋር ምን አገናኘው የሚለኝ ብዙ ነው። የምሠራው አልናብሩ፣ ከዕቃ ባቡር ላይ ኮንቴይነር በማውረድ ነው። እዚያ ኮልም ከሚባሉ አየርላንዳዊ ጋር ብዙ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። ኖርዌጂያን አንቱታን ከተዉ ቆይተዋል፤ እኔ ግን ኮልምን በልቤ አንቱ ነው የምላቸው። ጡረታ ሲወጡ ቤታቸው ጠርተውኝ የተወለዱበትን መንደር ጣቢያ፣ የባሊንሮን፣ ፎቶግራፎች አሳዩኝ። አባታቸው የጣቢያው ኃላፊ ነበሩ። «ለፕሪንስዳሉ መስመር ብዙ ጣቢያ ሠርቻለሁ፤ ይኼን ለመሥራት ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ» አሉኝ። እኔ እሠራዋለሁ አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ።

ለማያውቅ ልንገር፤ የአየርላንድ ሐዲድ ከኖርዌዩም ከእንግሊዙም ይሰፋል። ሱቅ ውስጥ የሚገኘው የሞዴል ሐዲድ ደግሞ ጠባቡ ነው። ብዙ ሰው ጠባቡን ገዝቶ፣ የአየርላንድ ቀለም የተቀባ ባቡር ያስቀምጥበትና ሰላም ተኝቶ ያድራል። ፕሪንስዳል የሚገጣጠመው ግን ሁሉም በሰፊው ነው፤ እኔም እንዲያ አልሆነልኝም። ከሐዲዱ ሥር የሚነጠፈውን እንጨት አንድ በአንድ ቆርጬ፣ ብረቱን በእጄ በይጄ ትክክለኛውን ስፋት ሰጠሁት። የባቡሩንም ጎማዎች ፈትቼ ወደ ውጭ አወጣኋቸው። ከሁሉ በላይ የምኮራው ሐዲዱ አንድም ክፍተት ስለሌለው ነበር፤ ጣታችሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብታስኬዱት የሚያደናቅፈው አያገኝም። ይህን ለአልናብሩ ሰው ሁሉ አውርቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ የሰሙኝም አሉ።

መንገድ ላይ

ቲ-ባኔ በሚባለው የከተማው ባቡር ውስጥ የሕፃናት ጋሪ በሚቆምበት በኩል ቆምን። ትቬይታ ጣቢያ ላይ አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ገብተው አጠገባችን ተቀመጡ። ብርድ ልብሱን ትንሽ ካዩ በኋላ አላስቻላቸውም።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ምንድን ነው እሱ? በር ነው?»

«ባቡር ነው፣ አባባ።»

«ባቡርን በባቡር!» ብለው ሳቁ። ጫፉን ገልጬ አሳየኋቸው፤ የድንጋዩን ቤት፣ አረንጓዴውን አጥር፣ የወተት ጣሳዎቹን። «እኛም አስመራ ሊቶሪና ነበረችን፤ እስከ ምጽዋ ቁልቁል ትወርድ ነበር። እሷን የሚሠራልን የለም?»

«መጀመሪያ ይኼኛው ይሂድ፣ አባባ» አለች ሀያት፣ እኔን ቀድማ።

ከእንሾ ጣቢያ በኋላ መሬት ውስጥ ገባን። ዋናው ጣቢያ ወርደን ወደ ሀውኬቶ የሚሄደውን ባቡር ያዝን። በስተቀኝ ፊዮርዱ ዳር ዳሩን በረዶ ይዟል፤ መሐሉ ጥቁር ነው። ሀያት ሞዴሉ ባቡር ያለበትን ሣጥን ጭኗ ላይ አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እጇ ግን ክዳኑን አልለቀቀም። ሀውኬቶ ስንወርድ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከዚያ አውቶቡሱ ዳገቱን ይዞን ወጣ፤ ሹፌሩ እንደ ተሽከርካሪ ወንበር ቆጥሮን ደረጃውን ዝቅ አደረገልን።

ፕሪንስዳል

የሚሰበሰቡበት ቬልሁስ፣ ማለትም የሰፈሩ ሰው በጋራ የሚጠቀምበት ቤት፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ የእንጨት ቤት ነው። በሩ ላይ ጫማ አውልቀን ስንገባ ሙቀቱ ፊታችንን መታን። ምድጃው ይነዳል፤ የግድግዳው ማሞቂያም እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ኮልም ከነሽበታቸው በካልሲ ቆመው ተቀበሉን። ገበታው ላይ ራሳቸው የጋገሩት፣ በእርሾ ፈንታ ሶዳ የገባበት ጥቁር ዳቦ ከቅቤ ጋር አለ። ዋፍል ከቡናማ አይብ ጋር ሠላሳ ክሮነር ነው። ሀያት ሾርባውን ጠርጥራ፣ «አሳማ አለበት?» ብላ ጠየቀች፤ «ናይ፣ የለበትም፤ ድንችና ሽንኩርት ብቻ» አሏት።

ባሊንሮን ከቦታው ገጠምነው። በስተግራ የኮልም ጣቢያ፣ በስተቀኝ የማንም ያልሆነ፣ ሐዲድ ብቻ የተዘረጋበት ባዶ ሳንቃ አለ። እኔ ሻይ ይዤ ክፍተት ስለሌለው ሐዲዴ ለስምንት ሰው ሳስረዳ ቆየሁ። ኤይቪን የሚባለው የማኅበሩ ጸሐፊ ጎንበስ ብሎ ሲመለከት ቆይቶ በእጁ ጠራኝ።

«ይማም፣ ና እስቲ እየው።»

ሄጄ ሳየው ክው አልኩ። ከመድረኩ ፊት ለፊት ሐዲዱ ወደ ጎን ወጥቶ እባብ ሆኗል። ምክንያቱን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። እኔ የሠራሁት በብርድ፣ መስታወት ባለው ባልኮንግ ላይ፣ ጓንት አድርጌ ነው። እዚህ ሙቀት ሲያገኘው ብረቱ ረዘመ፤ መሄጃ ስላልተውኩለት ተጣመመ። አልናብሩ በጋ ሲሞቅ ሐዲድ እንዲህ ሲጣመም በዓይኔ አይቻለሁ። ሐዲድ ሲዘረጋ ክፍተት የሚተውለት ለዚህ መሆኑን እያወቅሁ፣ ለዓይን ስላማረኝ ደፈንኩት።

ኤይቪን በባሊንሮ ቦታ የሚገባ መለዋወጫ ሳንቃ ሊያመጣ ሄደ። ኮልም ትከሻዬን ያዙኝ። «ምንም አይደል፤ የሚመጣው ዓመት አለ» አሉ። ፊታቸውን ግን ወደ ጣቢያው አላዞሩም። እሳቸው ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው።

«በረዶ ላይ አውጥተን እናቀዝቅዘው፤ ይመለሳል» አልኩ።

«ከዚያስ?» አለች ሀያት። «ባቡሩ እስኪያልፍ ሰው ሁሉ በር ከፍቶ ሊንቀጠቀጥ ነው? ሐዲዱ ቦታ ካጣ ቦታ ስጠው እንጂ።»

«መቁረጥ ማለት ነው እኮ።»

«ያ፣ አዎ፣ ቁረጠዋ!»

ቀጭኑን መጋዝ አነሣሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስንት ምሽት የደከምኩበትን፣ ስንት ሰው ፊት ደረቴን የነፋሁበትን በገዛ እጄ ልበጣጥሰው ነው። ሀያት ፒንሳውን ከሣጥኔ አውጥታ ሐዲዱን ግራና ቀኝ ጥብቅ አድርጋ ያዘችልኝና በዓይኗ ጀምር አለችኝ። ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቁራጭ ሲለቀቅ ሐዲዱ ትንሽ ነጠር ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። በየተወሰነ ርቀት ሌላም ቦታ እንዲሁ ቆረጥን። ከዚያ ኤሌክትሪኩ እንዳይቋረጥ የኤይቪንን መበየጃ ተውሼ ከሥር በቀጭን ሽቦ አገናኘሁት። ሳንቃውን ይዞ የመጣው ኤይቪን ግድግዳ ላይ አስደግፎት ይጠብቃል።

በዚህ ማኅበር ባቡር እንዲሁ አይነሣም። በአየርላንድ የአንድ ሐዲድ መንገድ ላይ የጣቢያው ኃላፊ ለነጂው በትር ካልሰጠው መንገዱ የእሱ አይደለም፤ እዚህም እርሳስ የምታክል የናስ በትር አለቻቸው። ኮልም በትሯን ሰጡኝና ወደኋላ ቆሙ። ቢስሚላህ ብዬ መቆጣጠሪያውን አዞርኩ።

ብርቱካንማና ጥቁር ቀለም ያለው ባቡር ሦስት ፉርጎ እየሳበ ከኮልም ጣቢያ ወጣ። እስከዚያ ድረስ ድምፅ አልነበረውም። ባሊንሮ ሲገባ፣ በቆረጥኩት ቦታ ሁሉ ጎማው ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ አለ። በመድረኩ አለፈ፤ በወተት ጣሳዎቹ አለፈ፤ ምንም ሳይወድቅ ባዶው ሳንቃ ላይ ወጣ። አዳራሹ አጨበጨበ። ኮልም ግን አላጨበጨቡም፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

«ድጋሚ አስኪደው» አሉኝ።

አስኬድኩት። «እንዲህ ነበር የሚለው» አሉ። «ልጅ ሆኜ ከአልጋዬ ሆኜ እሰማው ነበር። ከእኛ መስመር ሁሉ እንዲህ የሚል አንድ ጣቢያ የለም፤ ሁላችንም ለስላሳ ነው የሠራነው። ይማም፣ አውቀህ ነው ያደረግከው?»

«ያ»፣ አዎ፣ ለማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሀያት ዓይኗን ጣለችብኝ።

«ናይ» አልኩ። «ሚስቴ ናት ቁረጥ ያለችኝ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ኮልም ግን የሀያትን እጅ ጨብጠው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁም። እኔ በሕይወቴ ብዙ ከባድ ዕቃ አንሥቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም። በገዛ ቋንቋዬ ጮኼ «ባሊንሮ ደርሰናል!» ብዬ እንደነበር ሀያት ኋላ ነገረችኝ።

መልስ

ስንመለስ እጃችን ባዶ ነበር፤ ጣቢያው እዚያው ቀርቷል። ሀውኬቶ ባቡር ስንጠብቅ ክንዴን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። አላህ ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት እውነት ነው። እኔ ግን ከጉዞው የያዝኩት ሌላ ነው፤ የሠራሁትን እንደወደድኩት ሁሉ የሠራሁትን መቁረጥም መቻል አለብኝ። ለዚያ ደግሞ ብረቱን የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል።

ፉሩሴት ስንደርስ ጨልሟል። ሀያት ካፖርቷን ሳታወልቅ ሳሎኑ መሐል ቆማ የምግብ ጠረጴዛውን ርዝመት በክንዷ ትለካ ጀመር።

«ከጣቢያችን ወዲያ ያለው ባዶ ሳንቃ የማን ነው?» አለችኝ።

«የማንም አይደለም።»

«የሚቀጥለውን እዚህ ሥራው» አለች ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ እየገፋች። «ሙቀት ባለበት።»