ዶራ ላይ ቁጥር ፎቶ የምታነሳው ሰርካዲስ

እዚህ ዓረብ አገር፣ ዶራ አደባባይ፣ የፋን፣ የሚኒባስ ሹፌሮች «ጁንየ! ጅቤይል!» እያሉ ጉሮሯቸውን ከሚሰነጥቁበት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከገንዘብ መላኪያው ጎን አንዲት ፀጉር ቤት አለች። ሁለት ወንበር፣ አንድ ካስክ፣ አንድ መጋረጃ። ባለቤቶቹም ሁለት ናቸው፤ ኮኮቤና ሰርካዲስ። ሁለቱም የማዳም ቤት ሥራ ጠግበው የወጡ ናቸው። ሰው ወሬ ሲያምረው ኮኮቤ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ፀጉሩ እንዲያምርለት የፈለገ ሰርካዲስ ጋ ወረፋ ይይዛል። ሁለቱንም የፈለገ ደግሞ ኮኮቤ ጋ ተሠርቶ፣ ሰርካዲስ ጋ ሄዶ ያስተካክላል።

ሰርካዲስ የደብረ ሲና ልጅ ናት። ከአስረኛ ክፍል ነው ትምህርቷን ትታ የመጣችው። ቁጥር ግን አልለቀቃትም። ማዳም ቤት መሬት ስትወለውል የሳሎኑን ንጣፍ በቁመትና በወርድ እያባዛች ነበር የምትወለውለው። አንድ ቀን ማዳሟ «ሹ ዓም ተህኪ? ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ብትላት፣ «ከሳሎኑ ጋር» አለቻት አሉ። ማዳሚቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ በምግቧ ውስጥ ጠብታ መድኃኒት የተጨመረ ይመስል እየፈራች ትበላ ነበር።

አሁን እሁድ እሁድ መጋረጃው ይጋረድና የፀጉር ቤቱ ጓዳ የመማሪያ ክፍል ይሆናል። ሰርካዲስ ሒሳብ ታስተምራለች። ነገሩ የተጀመረው አንድ ማዕከል የአስታማሚነት ሥልጠና ሲከፍት ነው። ሥልጠናውን የጨረሰች ሴት በራሷ ስም፣ በራሷ ሰዓት ትሠራለች፤ ከማዳም ቤት ኸላስ፣ አበቃ። ግን መግቢያ ፈተና አለው፣ ፈተናውም ሒሳብ ነው። መድኃኒት የሚበጠብጥ ሰው ክፍልፋይ ካላወቀ በሽተኛውን ይገድላል አሉ። ልክ ናቸው።

ከተማሪዎቹ ሁሉ የሰርካዲስን ሆድ የምትበላው ሕይወት ነበረች። ዛልቃ ሰፈር ነው የምትሠራው፣ ስድስተኛ ፎቅ። እሁድ አትወጣም። ስልኳም ማዳም እቤት ካለች መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። ማዳም ስትወጣ ነው የሚሰጣት፤ ያውም እየደወለች ልትቆጣጠርበት። እንግዲህ ሕይወት የምትማረው በዚያች ቀዳዳ ነው። ማዳም በሩን ዘግታ እስክትመለስ ድረስ ዋትስአፕ ላይ የመጣውን ታያለች፣ ትሸመድዳለች፣ ታጠፋለች። ለፈተናው እሁድ ፈቃድ ለማግኘት ወር ሙሉ ለምናለች። ማዳምም «አንድ እሁድ ሰጠሁሽ፣ ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ» ብላታለች። ያቺን እሁድ ካበላሸች ሌላ የላትም።

ወረቀቶቹን የሚያዘጋጀው የሰርካዲስ ወንድም አሸብር ነው፤ ደብረ ብርሃን የሒሳብ አስተማሪ ነው። መጽሐፍ በሚታተምበት አኳኋን በኮምፒውተር ይጽፋቸዋል። እዚያ ኔትወርኩ ቀጭን ስለሆነ ግን የሚልከው ያማረውን ገጽ ሳይሆን የጽሑፉን ትእዛዝ ብቻ ነው። ትእዛዙን ሲያዩት ደግሞ ያስቃል፤ ወደ ኋላ የተጋደመ ሰረዝ፣ ቅንፍ፣ እያንዳንዷ ስሌት ፊትና ኋላዋ ላይ የዶላር ምልክት። ኮኮቤ መጀመሪያ ያየች ቀን ዓይኗ ፈጠጠ።

«ሰርኪ፣ ይሄ ሁሉ ዶላር የማነው?»

«የማንም አይደለም። ቁጥሩ ከዚህ ይጀምራል፣ እዚህ ያበቃል ማለት ነው።»

«ሐራም፣ ያሳዝናል። እኔ ደግሞ ወንድምሽ ሀብታም መስሎኝ ልተዋወቀው ነበር።»

ያን ትእዛዝ ሰርካዲስ አሮጌ ላፕቶፗ ላይ ገጽ ታደርገዋለች። ገጹን እንዳለ ብትልከው የሴቶቹ ስልክ አይከፍተውም። በዋትስአፕ ፊደል ብትጽፈው ክፍልፋዩ ይፈርሳል፤ ላይ የነበረው ከታች ካለው ጋር ተጋድሞ ማን በማን ላይ እንደነበር አይታወቅም። ስለዚህ እያንዳንዱን ገጽ እየከፈተች ከስክሪኑ ላይ በስልኳ ፎቶ ታነሳው ነበር። መስታወቱ፣ ካስኩ፣ የደምበኛው ጭንቅላት፣ ሁሉም ፎቶው ውስጥ ይገባል። አንዷ ተማሪ «ሰርኪዬ፣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ያለው ቢጎዲን ይባዛል ወይስ ይደመራል?» ብላ ጽፋለች።

ከዚህ ጉድ ያወጣት ሙራድ ነው። ሙራድ ከመንገዱ ማዶ ኮምፒውተር ይጠግናል። ቻርጀር ልዋስ እያለ የሚመጣው ኮኮቤን ሊያይ ነው ይባላል፤ ኮኮቤም አላስተባበለችም። አንድ ቀን ሰርካዲስ ስልኳን ከፍ ዝቅ እያደረገች ስክሪኑን ስታነሳ አይቶ ግንባሩን መታ።

«ሰርካ፣ ሐቢብቲ፣ ይሄ ምንድነው? አንድ ጊዜ ጻፊው፣ እሱ ራሱ ይሥራው። ያኒ፣ ማዳምሽ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ትለጥፍ አልነበር? ሸሚዞቹን አንድ በአንድ እጠቢ፣ አስጪ፣ ተኩሺ፣ ቁም ሳጥን አስገቢ። እንደዚያ ነው። አንቺ ማዳም ነሽ፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ገረድ…» አለና ሁለቱን ሴቶች አየ። ጆሮው ቀላ። «ፓርዶን።»

«ቀጥል፣ ቀጥል» አለችው ኮኮቤ፤ «ደሞዝ ይከፍሉታል ወይስ ፓስፖርቱን ይዘውበታል?»

ሙራድ አንገቱን ደፍቶ የኮምፒውተሩን ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ከፈተና ጥቂት መስመር አጻፋት። እዚህ ፎልደር ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ወረቀት፦ አቀናብረው፣ ዳር ዳሩን ቁረጠው፣ ምስል አድርገው፣ የራሱን ስም ስጠው፣ ወደሚቀጥለው ሂድ። ስሙም ስክሪፕት ይባላል አላት። ከዚያ «ያላ፣ ንኪው» አላት፣ ነካችው።

መስኮቱ ላይ ፊደል ይወርድ ጀመር፣ ጤፍ ከተቀደደ ጆንያ የሚፈስ ያህል። ሰርካዲስ እጇን ከቁልፎቹ አንስታ ደረቷ ላይ አደረገች። ምንም አልነካችም። እሷ ሳትነካው ምስሎቹ አንድ በአንድ ብቅ፣ ብቅ፣ ብቅ አሉ። ክፍልፋዮቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ላይኛው ላይ፣ ታችኛው ታች፣ መሃላቸው በክር የተለካ የሚመስል መስመር። ቢጎዲን የለ፣ ካስክ የለ።

«በስመ አብ» አለች በቀስታ።

ኮኮቤ አንገቷን አስግጋ ከላፕቶፑ ጀርባ ሳይቀር አየች። «ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኛ። ተናገርኩ፣ ሆነ።»

«እንደሱ የሚያደርገው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሰማይ ነው ያለው። ቀስ በይ።»

ሰርካዲስ ያን ቀን ስክሪፕቱን እየደጋገመች አስኬደችው። ምስሎቹን ታጠፋቸዋለች፣ ትነካዋለች፣ እንደገና ይወለዳሉ። ካስክ ሥር ያስቀመጠቻት ሴትዮ ጆሮዋ እስኪቀላ ተረሳች።

ትንሽ ቆይቶ ማዳም ቤት የሚያድሩት ተማሪዎች አቤቱታ አመጡ። ምስሉ ነጭ ነው፤ ማደሪያቸው በሆነችው የባልኮን፣ የበረንዳ ጠባብ ክፍል ተሸፋፍነው ሲከፍቱት እንደ መኪና መብራት ቦግ ይላል፣ ማዳም በመስታወቱ በኩል ታያለች። ሰርካዲስ ለሙራድ «ነጩን አጥፋልኝ» አለችው። እሱም አንዲት ቃል ለወጠና «ኸላስ፣ ሻፋፍ ሆነ፣ እንደ መስታወት ያሳልፋል» ብሏት ሄደ። በላፕቶፗ ስታየው ያው ነጭ ነው፤ ስልክ ላይ ሲደርስ ይለወጣል ብላ አሰበች። ደግ አደረግኩ ብላ ተኛች።

ከፈተናው በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻው ትምህርት ደረሰ፤ ክፍልፋይ ለክፍልፋይ ሲካፈል። አሸብር ጋ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው የዘገየው። ሕይወት ደግሞ የቀራት ይሄው ብቻ ነው፣ እሱንም ስትሠራ ሁልጊዜ ትስታለች። በዚያው ቅጽበት ከዛልቃ የድምፅ መልእክት ገባ፣ በሹክሹክታ፦ «ሰርኪዬ፣ ማዳሜ ታች ጎረቤት ለሱብሒዬ፣ ለጠዋት ቡናቸው፣ ወርዳለች። ቡና ጠጥተው፣ ፍንጃል ገልብጠው፣ ዕጣቸውን እስኪያነብቡ ነው ጊዜ ያለኝ። እዚያ የምትሠራው ጓደኛዬ እየነገረችኝ ነው። ቶሎ በይ።»

ሰርካዲስ እመቤት የምትባል ደምበኛዋን ፀጉሯን ቀለም ቀብታ ነበር። እጇን በፎጣ ጠርጋ ስክሪፕቱን ነካችው። ምስሎቹ ወረዱ። አምሮባቸዋል። ላከቻቸው።

መልሱ ከየቤቱ መጣ። «ሰርኪዬ፣ ጥቁር ነው።» «የኔም ጥቁር ነው፣ ምንም የለውም።» «ይሄ የፈተናው ውጤት ነው እንዴ?» ከዛልቃ፦ «ምንም አይታየኝም። ቡናው ቀርቧል።»

«እኔ ጋ ነጭ ነው» አለች ሰርካዲስ፣ ላፕቶፑን ወደ ኮኮቤ አዙራ። «ይኸው ነጭ ነው። አይደለም?»

«ነጭ ነው። ስልኬ ላይ ግን ከሰል ነው» አለች ኮኮቤ ስልኳን አስጠግታ። «ድሮም ዝም ብሎ የሚታዘዝ ሰው አላምንም።»

ሰርካዲስ ሙራድ ጋ ደወለች። እየነዳ ነው፣ ተራራ ላይ፤ ድምፁ ይቆራረጣል። «ሰርካ… ሻፋፍ ማለት… ነጭ አይደለም… ምንም ማለት ነው… ከኋላው ያለው ነው የሚታየው…» ብሎ ጠፋ።

ሰርካዲስ ላፕቶፑንና ስልኩን ጎን ለጎን አስቀመጠች። ከኋላው ያለው። ላፕቶፗ ከኋላው ነጭ አለው። ስልኮቹ ጥቁር አልብሰውታል። ጥቁር ፊደል በጥቁር ጨርቅ ላይ። ማሽኑ አልሳተም፤ ነጩን አንሺ አለችው፣ አነሳ። ምን አንጥፍ ብሎ አይጠይቅም።

«ሰርኬ፣ ራሴን እያቃጠለኝ ነው» አለች እመቤት ከወንበሩ።

«ኮኮ እጠቢያት።»

«እኔ ካጠብኳት ትጮኻለች።»

«ትጩህ።»

ስክሪፕቱን ከፈተች። ሙራድ የለወጣት ቃል እዚያው ተቀምጣለች፣ አንዲት ቃል። ነጭ ብላ ልትጽፍ ጀምራ ቆመች። ነጭ ካለች ደግሞ በባልኮኑ ያሉት ይጋለጣሉ። ቀለም ታውቃለች፤ ቀኑን ሙሉ ስትደባልቅ ነው የምትውለው። ለኮምፒውተር ቀለም በቁጥር እንደሚነገር ሙራድ አሳይቷታል፤ ቀይ ይህን ያህል፣ አረንጓዴ ይህን ያህል፣ ሰማያዊ ይህን ያህል። ወተት የበዛበት ሻይ እስኪመስል ሰማያዊውን አሳነሰች።

ከዛልቃ፦ «ፍንጃሉን ገለበጡ።»

ነካችው። ፊደሉ ወረደ። ስንቴ ያየችው ነገር ነው፣ ግን ዛሬም ዓይኗን አልነቀለችም። ከደብረ ብርሃን ዶላር ለብሶ የመጣ ቁጥር ዓይኗ ሥር ልብሱን እየቀየረ ተሰለፈ። ከኋላዋ እመቤት በእውነት ትጮኻለች፣ ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። ሰርካዲስ ምስሎቹን ላከች።

ከዛልቃ «ታየኝ» አለች ሕይወት።

ኮኮቤም እጇ ላይ ሻምፖ እንደያዘች መጥታ ቆመች። እመቤት ሳይቀር ፎጣዋን ጠምጥማ ተነስታለች። ፎቶ ገባ። ሕይወት ወረቀት የላትም፤ ሊጥ ልታቦካ ዱቄት እብነ በረዱ ላይ ነስንሳ ነበርና በጣቷ ዱቄቱ ላይ ሠርታዋለች። ሦስት አራተኛ ለሦስት ስምንተኛ። መስመሩ፣ ላይኛው፣ ታችኛው፣ ሁሉም በቦታው። መልሱ ግን ግማሽ ነው።

«የመጀመሪያውን ገለበጠችው» አለች ሰርካዲስ፣ ስልኩን አፏ ላይ አስጠግታ። «ሕይወትዬ፣ የመጀመሪያውን አትንኪው፣ እንዳለ ይቀመጥ። ሁለተኛውን ገልብጠሽ አባዢ። ምስሉን ደግመሽ እዪው።»

«ጓደኛዬ ማዳም ተነሳች አለችኝ» ብላ ጻፈች ሕይወት።

ዶራ ላይ ሦስት ሴቶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። ፋኑ ይጮኻል፣ የማንም ጆሮ አይሰማም።

ሁለተኛው ፎቶ ገባ። ዱቄቱ በመዳፍ ተደልድሎ እንደገና ተጽፎበታል። ሦስት አራተኛ በስምንት ሦስተኛ። እኩል ይሆናል ሁለት። ሁለቷ ከሁሉም ትልቅ ነች፣ እስከ ዱቄቱ ዳር ተስባለች። ከሥሩ «ሊፍቱ መጣ» ይላል። ከዚያ ሕይወት ጠፋች።

«ልክ ነው?» አለች ኮኮቤ።

ሰርካዲስ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

በማግስቱ ሕይወት ከፈተናው ስትወጣ በሩ ላይ ጠበቋት። የእመቤት ፀጉር እንደ መዳብ ድስት ያበራል፤ ተቃጥሎ ነው ላለማለት «ሞድ ነው» ትላለች። ሕይወት በመጀመሪያ ፀሐዩን አየች፣ ከዚያ እነሱን።

«ሁለት ጥያቄ አላወቅኩም» አለች። «ሌላውን ሠራሁ። ወረቀት ላይ መጻፍ ግን እንዴት ይቀላል!»

ማዕከሉም ተቀበላት። ማዳሟ ስትሰማ «መቼ ነው የተማርሽው? ከዓይኔ ሥር አልጠፋሽም» ብላ ጠየቀቻት አሉ። ሕይወት ሊጡን እያሸች ነበርና ቀና ሳትል «እዚሁ ነው፣ ማዳም» አለቻት።