የማስተዋል ሁለተኛ ጥያቄ

ዳንግላ ውስጥ አራተኛ ክፍል የምታስተምረው ሰውዳ ዑስማን አንድ ነገር አይዋጥላትም፤ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሲናገር። «ቀና በል! የጠየቀህ መሬቱ ነው እንዴ?» ትላለች። «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ በሚታደግበት አገር ይህን ማስተማር ድንጋይ እንደ መግፋት ነው፤ እሷ ግን ምክንያት አላት።

በልጅነቷ ነርስ መሆን ነበር የምትመኘው። አንድ ኮሌጅ ለቃለ መጠይቅ ጠራት። ሦስት ሰዎች ፊት ለፊቷ ተቀምጠው «ለምን ነርስ መሆን ፈለግሽ?» አሏት። መልስ አጥታ አይደለም፤ እናቷን እያስታመመች ነው ያደገችው። ግን ጨዋ ልጅ ታላቅ ፊት ዓይኗን አታነሣም ተብላለችና ጫማዋን እያየች ዝም አለች። «ፍላጎት የላትም» ብለው ሸኟት። ወላሂ፣ ያ ቀን እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ስለዚህ መምህርት ስትሆን የራሷን ዘዴ አመጣች። በየወሩ ልጆቹን ሥራ ወዳለበት ትልካለች፤ ልብስ ሰፊ ዘንድ፣ ወፍጮ ቤት፣ ጤና ጣቢያ። ሦስት ጥያቄ ይዘው ይሄዳሉ፦ ሥራዎ ምንድን ነው? ምኑ ይከብድዎታል? ለሥራው ምን ማወቅ ያስፈልጋል? ዓይን ዓይን እያዩ ይጠይቃሉ፣ መልሱን ይጽፋሉ፣ አመስግነው ይወጣሉ። «ገና በአሥር ዓመታቸው?» ብለው የሳቁ መምህራን ነበሩ። «ታዲያ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሲደርሱ ላስጀምራቸው?» ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው።

በዚህ ወር ግን ነገር ተበላሸ። የክፍሉ ፈጣን ተማሪ ማስተዋል፣ ባለጋሪ አባቷን ገበየሁን ልትጠይቅ ገበያ ወጣች። ገበየሁ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ፈረሱን ሲያበላ፣ ዓይኑን እያየች «አባ፣ ሥራህ ምኑ ይከብድሃል?» አለችው። ባለጋሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ገበየሁ ፊቱ ተለዋወጠ፤ እጇን ይዞ ቤት መለሳት። ከዚያ ወዲያ ማስተዋል ትምህርት ቤት ድርሽ አላለችም። በሦስተኛው ቀን «ትምህርቱ ይቅርባት ብሎ ጥሊሊ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሊልካት ነው» የሚል ወሬ መጣ።

ሰውዳ ክው አለች። ለካ ልጆቹን ስታዘጋጅ ለወላጆቹ አንድ ቃል አልተነፈሰችላቸውም! እየሮጠች ጋሪ ማቆሚያው ደረሰች። ማስተዋል ጓዟን ይዛ ጋሪው ላይ ተቀምጣለች።

«ጋሽ ገበየሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳላማክርዎ ላክኋት። እሷን አይቅጧት።»

«ቲቸር፣ ልጄን ዓይን አውጣ አደረጓትኮ!»

የሰውዳ አንገት በልማዱ ሊደፋ ዳዳው። እንደ ምንም ብላ ቀና አለች። «እንዲህ ያስቆጣዎ ምኑ ነው? ይንገሩኝ።»

ገበየሁ ግራ ቀኙን አየ፤ ጓደኞቹ ጭነት ላይ ናቸው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጆንያው ላይ የባለቤቱ ስም ይጻፋል። እኔ አላነበውም። ሰው ለምኜ ነው የማስነብበው። ስንት ጊዜ ተሳስቼ ሌላ ሱቅ አራግፌ ተሰድቤያለሁ! ሃያ ዓመት ሙሉ። ይሄን ሰው ፊት ለልጄ ልንገራት?»

ሰውዳ እንባዋ መጣ። «አሁን ሰው የለም» አለችው።

ማስተዋል ሁሉን ሰምታለች። ደብተሯን አውጥታ ነበር፤ እስክሪብቶዋን መልሳ ከተተች። «ይሄንስ አልጽፈውም አባ።»

ገበየሁ የፈረሱን አንገት አሻሸ። ከዚያ ጓዟን ከጋሪው አወረደ።

«ጻፊው» አላት። «ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ የትኛው ፊደል የቱ እንደሆነ ታሳይኛለሽ።»