ኬሚስትሪን ደግሜ ሕክምናን ያጣሁበት ዘመን

ወገኖቼ፣ በዚህ ጉባኤ መካከል ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁ፤ ቆሜ ስናገር ግን አይታችሁኝ አታውቁም። ንግግር አይሆንልኝም። ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን፣ ያላደረገልኝንም ጭምር ልመሰክር ብዬ ተነሣሁ። ስሙ ይባረክ።

ያደግሁት እዚሁ አሰላ ነው። አባቴ እህል ነጋዴ ነበሩ። ታላቅ እህቴ ምጥ ጠንቶባት ካገባችበት ከጎበሳ ወደ ሐኪም ቤት በቃሬዛ ስትመጣ መንገድ ላይ ሞተች። ከዚያ ወዲህ አባቴ ላገኙት ሰው ሁሉ፣ “ይቺኛዋ ልጄ ሐኪም ትሆናለች” ይሉ ነበር። እኔም ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ኬሚስትሪና ፊዚክስ ወድቄ በመጀመሪያው፣ በገና ሰሞኑ ፈተና ተባረርኩ። ያኔ እንደዚያ ሆኖ የተመለሰ ተማሪ “የገና ተመራቂ” ይባላል። ገበያ ስወጣ የሰፈሩ ጎረምሶች፣ “ዶክተር፣ ራሴን አሞኛል፣ እስቲ እዪኝ” እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አባቴ አልተቆጡም። አስመራ፣ አክስቴ ዘንድ ላኩኝ። እዚያ ባለው ሌላ ዩኒቨርሲቲ የወደቅሁባቸውን ትምህርቶች፣ ባዮሎጂም ጨምሬ፣ እንደገና ተማርኩ። በጥሩ ውጤት አለፍኩ። አዲስ አበባ ለሕክምና ትምህርት አመለከትኩ፤ የቀረኝ የጤና ምርመራ ብቻ ነበር። ሳል ነበረብኝ፤ ብርድ ነው ብዬ ንቄው ነበር። ሐኪሙ የደረቴን ራጅ ብርሃን ላይ ይዞ ቆየና፣ “እህቴ፣ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ትምህርቱን ለጊዜው እርሺው፤ መጀመሪያ መትረፍሽን አስቢ” አለኝ።

አሰላ ተመልሼ ጓዳ ተኛሁ። በቤታችን ሁሉም የሚበላው ከአንድ ትሪ ነበር። ሳህንና ኩባያዬን የለየሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ ተምሬዋለሁና። መርፌ እወጋለሁ፣ እተኛለሁ። ክረምቱን በሙሉ ጭጋጉ ከደጃችን አልተነሣም። አልጸለይኩም። ድኜ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጫልቱ መጣች። ዲክሲስ የምትባል የገጠር ከተማ ታስተምር ነበር፤ ጴንጤ ሆናለች ተብሎ ሰው ይሸሻታል። ምሳዬ ፊቴ ነበር። እጇን ታጥባ ከሳህኔ ቆረሰች።

“ጫልቱ፣ እንዳትነኪው፤ ይተላለፍብሻል።”

“አቦ ተይኝ፣ በጭነት መኪና ስንገላታ ነው የዋልኩት። ርቦኛል።”

“ሳይንስ ነው የምነግርሽ።”

“ሳይንሱንማ እኔው አስተምረው የለ? አፍሽን ክፈቺ” ብላ አጎረሰችኝ።

ከታመምኩ ወዲህ ያጎረሰኝ ሰው አልነበረም። እያለቀስኩ ዋጥኩት። ስረጋጋ፣ “ጌታ እኮ ለምጻሙን እጁን ዘርግቶ ነው የዳሰሰው” አለችኝ፤ ጸለየችልኝም። ያን ቀን ልቤን ሰጠሁት። ክብር ለእርሱ ይሁን።

በሽታው በአንድ ቀን አልለቀቀኝም፤ መርፌዬን እስከ መጨረሻው ወስጃለሁ። በመጨረሻ ሐኪሙ፣ “ሳንባሽ ድኗል” ሲለኝ ለአባቴ ነገርኳቸው። ጌታን ማመኔንም አብሬ ነገርኳቸው። “በሽታሽን ችያለሁ። ይሄን ግን ወደ ገበታዬ አላስጠጋም” አሉ። ወደ አዲስ አበባም አልላኩኝም። ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ ፈነዳ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ አብረን አልበላንም።

እና ወገኖቼ፣ ሐኪም አልሆንኩም። እንደ እህቴ ያሉ ሴቶች በቃሬዛ ሲያልፉ ደጄ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ለምን ብዬ ጌታን ጠይቄዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ብቻዬን ግን ትቶኝ አያውቅም። ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ከመካከላችሁ የለመነው ያልሆነለት ቢኖር፣ ሁሉም ይስተካከላል አልለውም። ጌታን ግን እመኑት፤ ሲነካችሁ አይጸየፍም። እርሱን በማመናችሁ የገዛ ቤተሰባችሁ ቢለያችሁ፣ ቤቴን ታውቁታላችሁ፤ ኑ።